ከኢንካ በፊት ማን ነበር? ከላሊበላስ በፊት?

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ጊዜ ያላችሁ ቡና አስቀርቡና አንብቡት፤ የሌላችሁ ደግሞ ሴቭ አድርጉትና ማታ ተመለሱበት። አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር፦ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ኮን ላይ ታሪክ ሳስተምር በየዓመቱ የማይቀርልኝ ጥያቄ አለ። ዛጔ ላይ ስንደርስ ከኋላ ወንበር አንዱ እጁን ያወጣና «ቲቸር፣ ላሊበላን ግን በእውነት ማን ሠራው?» ይላል። መልሱንም ራሳቸው ይዘው ነው የሚመጡት። አንዱ መላእክት ይላል። ሌላው ከኢየሩሳሌም የመጡ ነጮች ይላል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ቲክቶክ ሦስተኛ መልስ ጨምሮበታል፤ ከሌላ ፕላኔት የመጡ ፍጡራን። ቪዲዮውን አሳይተውኛል። መጀመሪያ የግብፅ ፒራሚድ ይመጣል፣ ቀጥሎ ፔሩ ያለው ማቹ ፒቹ፣ ከዚያ ቤተ ጊዮርጊስ ከላይ በድሮን ተቀርጾ። ከጀርባ የሚያስፈራ ሙዚቃ አለ። ተራኪው «ይህን የሰው እጅ ሊሠራው አይችልም» ይላል።

የመላእክቱን ነገር ቆይቼ ለብቻው አነሳዋለሁ፤ እሱ የእምነት ጉዳይ ስለሆነ ከቲክቶኩ ጋር አንድ ላይ አላጭደውም። ግን መልሶቹን ደግማችሁ እዩአቸው። ድንጋይ ሲጠርብ የዋለ፣ እጁ የተላጠ፣ ማታ ቤቱ ገብቶ ቆሎ የቆረጠመ የላስታ ሰው በአንዳቸውም ውስጥ የለም። እኔን የሚከነክነኝ ይኸው ነው። ጥያቄውን የሚጠይቀኝ ልጅ እኮ የዚያ ሰው የልጅ ልጅ ነው። አያቱን ከታሪክ ያስወጣ ልጅ፣ ነገ «አንተስ ምን ትሠራለህ?» ሲባል «እኛ ምን እናውቃለን» ቢል አይገርምም።

እኔ አርኪዮሎጂስት አይደለሁም። በዲፕሎማ የተመረቅሁ የታሪክ መምህር ነኝ። ግን ያ ቪዲዮ ማቹ ፒቹንና ላሊበላን ጎን ለጎን ስላስቀመጠልኝ፣ በክረምቱ ስለ ኢንካ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ከረምኩ። ያገኘሁት ነገር ከእኛው ጥያቄ ጋር አንድ ሆኖ ቁጭ አለ።

ኢንካዎች የተራራ ሰዎች ናቸው። ዋና ከተማቸው ኩስኮ 3,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የእኛን ደጋ የለመደ ሰው እንኳ እዚያ ጋቢውን አይረሳም። ተራራውን በእርከን ይዘው በቆሎና ድንች ያርሱ ነበር። ድንቹን በሌሊት ውርጭ አስመትተው በቀን ፀሐይ እያደረቁ ለዓመታት ያስቀምጡታል። አገራቸውን ታዋንቲንሱዩ ይሏታል፤ አራቱ ክፍሎች በአንድ ላይ እንደ ማለት ነው።

ፓቻኩቲ የሚባለው ንጉሣቸው በ1438 ገደማ ከኩስኮ ተነሥቶ መስፋፋት እንደ ጀመረ ይነገራል። በ1532 ደግሞ ፒዛሮ የሚባል ስፔናዊ ንጉሡን አታዋልፓን ካሃማርካ ላይ ማረከው። ልዩነቱን አስሉት፤ መቶ ዓመት አይሞላም። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከዛሬዋ ኢኳዶር አልፎ እስከ ቺሊ የሚደርስ ግዛት ያዙ። 30,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ ነበራቸው። በድንጋዮቹ መካከል ቢላ የማያስገባ ግንብ ገነቡ። ይህ ሁሉ ያለ ብረት መሣሪያ፣ ያለ ጋሪ፣ ያለ ፊደል ነው። ሒሳባቸውን የሚይዙት ኪፑ በሚባል የተቋጠረ ገመድ ነበር።

ታዲያ በመቶ ዓመት ውስጥ ይህን ሁሉ ከየት አመጡት? ቲክቶክ «ከሰማይ» ይላል። አርኪዮሎጂስት «እስኪ ከሥሩ እንይ» ይላል። ከሥሩ ሲታይ ምን ተገኘ?

መንገዱን፣ እርከኑንና ሒሳብ የሚያዝበትን ገመድ፣ ዋሪ የሚባል መንግሥት ከ600 እስከ 1000 ባለው ጊዜ ቀድሞ ሠርቶበታል። ፒኪያክታ የምትባለው የዋሪ ከተማ እዚያው ኩስኮ አጠገብ ናት። ኢንካዎች ብዙ ቦታ የዋሪን መንገድ ጠግነው ነው የሄዱበት። ድንጋይ ጠርቦ ማገጣጠሙን ደግሞ በቲቲካካ ሐይቅ አጠገብ የነበሩት የቲዋናኩ ሰዎች ኢንካ ከመነሣቱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ተክነውበት ነበር። የወርቅና የብር ሥራው የቺሙዎች ነው። ዋና ከተማቸው ቻን ቻን በጭቃ ጡብ የተሠራች ትልቅ ከተማ ነበረች። ኢንካዎች በ1470 ገደማ ሲያሸንፏቸው አንጥረኞቻቸውን ወደ ኩስኮ ወሰዱ። ከቺሙ ሥር ሞቼ አለ። ከሞቼ በፊት ቻቪን አለ። ከሁሉም ሥር ደግሞ ካራል አለች፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት 2600 ገደማ፣ ግብፆች ፒራሚድ በሚሠሩበት ዘመን የነበረች ከተማ።

የካራል ዕድሜ እንዴት እንደታወቀ ልንገራችሁ፣ በጣም ነው የወደድኩት። ሩት ሻዲ የምትባል የፔሩ አርኪዮሎጂስት ስትቆፍር በትልልቆቹ ግንቦች ሆድ ውስጥ ከቄጤማ መሰል ሣር የተጎነጎኑ ከረጢቶች አገኘች። ሠራተኞቹ ድንጋይ ተሸክመውባቸው መጥተው፣ ድንጋዩን ሳያራግፉ ከነከረጢቱ ሙሌት አድርገው ጥለዋቸዋል። ሣሩ ተመረመረና ዘመኑን ተናገረ። ወርቅም ዙፋንም አላስፈለገም። የሸካሚ ከረጢት ነው የመሰከረው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ትውልድ ካለ፣ ዓለም ለምን ኢንካን ብቻ ያውቃል? አንደኛው ምክንያት ቀላል ነው፤ ስፔኖች ሲመጡ በር ላይ ያገኟቸው ኢንካዎችን ነው። ሁለተኛው ምክንያት ግን የሚያሳስብ ነው፤ ኢንካዎች ራሳቸው እንደዚያ ይሉ ነበር። እናቱ ከኢንካ ንጉሣውያን የሆነችው ጋርሲላሶ ዴ ላ ቬጋ በ1609 ባሳተመው መጽሐፍ ከኢንካ በፊት የነበረውን ሕዝብ እንደ አውሬ የሚኖር አድርጎ ነው የጻፈው። ሥልጣኔ ከእኛ ጀመረ፣ ከእኛ በፊት ጨለማ ነበር ማለቱ ነው።

የአገሬው ሰው ግን ያውቅ ነበር። ሲየሳ ዴ ሌዮን የሚባል ስፔናዊ በ1549 ቲዋናኩ ደርሶ፣ «ይህን ኢንካዎች ናቸው ወይ የሠሩት?» ብሎ የአካባቢውን ሰዎች ሲጠይቅ ሳቁበት። ከኢንካ በፊት ብዙ ዘመን ቀድሞ የተሠራ መሆኑን ነገሩት። በጥያቄው ሳቁ! እስኪ አስቡት፤ ቤተ መንግሥት የረሳውን ገበሬ ያስታውሳል።

በኋላ ይህን ለዓለም ያስረዳው ሰው ሁሊዮ ሴሳር ቴዮ ይባላል። በ1880 ዋሮቺሪ በሚባል ተራራማ አገር የተወለደ፣ ኬቹዋ ተናጋሪ የገጠር ልጅ ነው። ሊማ ሄዶ ሕክምና ተማረ፣ በኋላም ሐርቫርድ ገባ። ተመልሶ ግን ተራራውን ነው የቆፈረው። ያን ጊዜ ብዙ ሊቃውንት የፔሩ ሥልጣኔ ከሌላ አገር የመጣ ነው ይሉ ነበር። እሱ ቻቪንን አጥንቶ «ከዚሁ ከተራራው የበቀለ ነው» ብሎ ተከራከረ። በዝርዝሩ የተሳሳተበት ቦታ አለ፤ ለምሳሌ የሁሉም እናት ቻቪን ናት ብሎ ነበር፣ ካራል ግን ትቀድማለች። ዋናው ነገር ላይ ግን ጸና። ዛሬ የፔሩ አርኪዮሎጂ አባት የሚባለው እሱ ነው።

ዋድላና ደላንታ ያላችሁ ልጆች ይህን ትምህርት ከማንም በላይ ትረዱታላችሁ፣ ለምን መሰላችሁ፣ ኦፓል ቆፋሪዎች ስለሆናችሁ። የወገል ጤናው ኦፓል ከ2008 ወዲህ ዓለም ያወቀው ነው። ገደሉ ከላይ እስከ ታች ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተነባበረ ነው፤ ኦፓሉ ግን የትም አይገኝም። አንዲት ቀጭን ንብር አለች፣ እሷን ተከትላችሁ ነው የምትገቡት። ከእሷ ከፍ ብላችሁ ብትቆፍሩ ድካም፣ ዝቅ ብላችሁ ብትቆፍሩ ድካም። አርኪዮሎጂም እንደዚሁ ነው። ንብሩን ማንበብ ነው። እያንዳንዱ ንብር የአንድ ዘመን ሰው ነው፤ ከላይ ያለውን ብቻ አይቶ «ተራራው ይኸው ነው» የሚል ሰው ኦፓል አያገኝም።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። ከኮን ጋሸና፣ ከጋሸና ላሊበላ፤ መንገዱን ታውቁታላችሁ።

ላሊበላ ላይ ንብሩ የሚነበበው በተገላቢጦሽ ነው። እኛ የምናውቀው ቤት ከታች ወደ ላይ ይሠራል። የአለት ቤተ ክርስቲያን ግን ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው። ስለዚህ የድሮው ወለል ከላይ ነው፣ አዲሱ ከታች። ስትሄዱ ልብ ብላችሁ እዩ፤ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ፣ ያለ መሰላል የማይደረስበት በር ታገኛላችሁ። ማንም ሰው አየር ላይ በር አይሠራም። በሩ ሲወጣ መሬቱ እዚያ ድረስ ነበር። በኋላ የመጡት መሬቱን ዝቅ አድርገው ፈለፈሉት፣ በሩም እንደተንጠለጠለ ቀረ። ፍራንስዋ ዛቪዬ ፎቬል፣ ማሪ ሎር ዴራና ባልደረቦቻቸው በ2010 ያሳተሙት ጥናት እንዲህ ያሉ ምልክቶችን አንድ በአንድ ተከትሎ፣ ቦታው በአንድ ጊዜ የተሠራ ሳይሆን ብዙ ጊዜ የተቆፈረ፣ የተለወጠ፣ እንደገና የተቆፈረ መሆኑን አሳየ።

ደግሞ «የተፈለፈለው ድንጋይ ሁሉ የት ገባ?» የሚል ነገር አለ። የቲክቶኩም ሰውዬ ይህንኑ እንደ ትልቅ ምሥጢር ያነሳዋል። እነዚሁ ተመራማሪዎች አገኙት። እዚያው ከአብያተ ክርስቲያናቱ ወጣ ብሎ ተቆልሏል። ሰው ረግጦት ስለሚሄድ፣ ሣርና ቤት ስለበቀለበት ተራ መሬት መሰለ እንጂ የትም አልሄደም።

ከዚህ ቀደም ብሎ በ2009 መጽሐፉን ያሳተመው እንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት ዴቪድ ፊሊፕሰን ደግሞ ቤተ መርቆሬዎስና ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ከሁሉ የቀደሙ እንደሆኑ፣ ሲጀመሩም ቤተ ክርስቲያን እንዳልነበሩ ይገምታል፤ ከ7ኛው ወይም ከ8ኛው ክፍለ ዘመን። ከንጉሥ ላሊበላ በፊት አምስት መቶ ዓመት ገደማ ማለት ነው! ሁሉም ምሁር በዘመኑ አይስማማም፣ ክርክሩ አለ። አንድ ጊዜ ብቻ አልተሠራም በሚለው ግን ይገናኛሉ። ቤተ ጊዮርጊስን በተመለከተ ደግሞ የፊሊፕሰን ግምትና የአባቶቻችን ትውፊት አንድ ነው፤ ሁለቱም የመጨረሻዋ ናት ይላሉ።

ቤተ አማኑኤልን ያያችሁ ግድግዳው ገባ ወጣ እያለ በአግድም እንደተሰመረ ታስታውሳላችሁ። ያ ለጌጥ ብቻ የመጣ አይደለም። አክሱሞች ቤት ሲሠሩ አንድ ረድፍ ድንጋይ፣ አንድ ረድፍ እንጨት እያደረጉ ነበር። አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻው ውስጥ ያንኑ በእውነተኛ ድንጋይና እንጨት ሠርቶት ዛሬም ቆሟል። ቤተ አማኑኤልን የፈለፈለው ሰው ደግሞ እንጨት የሌለበትን አለት እንጨት እንዳለበት አስመስሎ ቀረጸው። እጁ የአያቶቹን ቤት ያስታውስ ነበር።

አክሱምና ላስታ መካከል ደግሞ ባዶ አልነበረም። ሐሸንጌ ሐይቅ አጠገብ ምፍሳስ ባሕሪ የሚባል ቦታ ተቆፍሮ የአክሱም መጨረሻ ዘመን ሰዎች የኖሩበት መሆኑ ታውቋል። ሐሸንጌ ከላስታ ምን ያህል ቢርቅ ነው? አክሱምም ራሷ ከሥሯ አላት። የየሐ ቤተ መቅደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ የተሠራ ነው። ከየሐ ብዙም ሳይርቅ ደግሞ ቤተ ሰማዕቲ የምትባል የአክሱም ዘመን ከተማ፣ ከነ4ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያኗ፣ ከመሬት በታች ተኝታ ኖራ በ2009 ነው የተገኘችው። ገበሬው በላይዋ ሲኖርባት ነበር።

ክርስቲያን ያልሆኑ ጎረቤቶችም ነበሩ። ዛጔዎች ላስታ ላይ ሲነግሡ፣ በሰሜን ሸዋ መንዝና ጌሼ በኩል ሙታናቸውን በትልልቅ የድንጋይ ክምር ሥር የሚቀብሩ ሰዎች ነበሩ። ከ10ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን የቆዩ ናቸው። ታታር ጉር የሚባለው መቃብራቸው ሲቆፈር ብዙ የብርጭቆ ዶቃ ወጣ። ተመራማሪዎቹ በወንዙ ስም የሻይ ባህል ብለው ሰየሟቸው እንጂ፣ ራሳቸውን ምን ብለው ይጠሩ እንደነበር የሚነግረን የለም። በዚሁ በወሎ ያለው ዋሻ ሚካኤል ደግሞ ግድግዳው ላይ የእንስሳት ቅርጽ አለው። በ2021 የወጣ ጥናት፣ ቅርጹ ከክርስትና በፊት የነበሩ ሰዎች ሥራ እንደሆነና ዋሻው በኋላ ቤተ ክርስቲያን እንደተደረገ ይናገራል። የላስታ ሰው አለት መፈልፈሉን ከክርስትናው በፊት ጀምሮታል ማለት ነው።

እንደ ኢንካው ሁሉ የእኛም ታሪክ «ከእኔ በፊት ጨለማ» የሚል ጸሐፊ አላጣም። በ1270 ይኩኖ አምላክ ሥልጣኑን ከዛጔ ከወሰደ በኋላ፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ክብረ ነገሥት በግዕዝ ሲጻፍ፣ ዛጔዎች ከእስራኤል ወገን ሳይሆኑ መንገሣቸው እንደ ሕግ መተላለፍ ነው የተቆጠረው። ዛጔዎች ተገፉ። ከዛጔዎች መካከል ላሊበላ ግን ቅዱስ ስለሆነ ቀረ፤ ሌሎቹ ከሠሩትም ብዙው ወደ እሱ ተጠቃለለ። ኢንካ የዋሪን መንገድ እንደወረሰ ማለት ነው።

ይህን ስል ንጉሡን እያሳነስኩ የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ አይደለም። ንጉሥ ላሊበላ ተረት አይደለም። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በስሙ የተጻፉ የመሬት ስጦታ ሰነዶች አሉ። የቀደመውን ሥራ ሰብስቦ፣ አስፍቶ፣ አንድ ቅዱስ ከተማ ያደረገ ሰው ትልቅ ንጉሥ ነው። የመላእክቱንም ነገር ቢሆን ገድሉን የሚያነብ ሰው ያውቀዋል። ገድሉ ንጉሡ የብረት መሣሪያ እንዳሠራ፣ ሠራተኛ እንደሰበሰበ ይናገራል። መላእክቱ ከሠራተኞቹ ጋር ነው የሠሩት። ስለዚህ «መላእክት ሠሩት» ብሎ ሰውን የሚያስወጣ ተማሪ ገድሉንም አላነበበም እለዋለሁ። የእግዚአብሔር እርዳታ ያለበት ሥራ የሰው ላብ የለበትም ያለው ማን ነው? ጋሸና አካባቢ በእኛው ዘመን በዶማ፣ በመሮና በመጥረቢያ ከአለት ቤተ ክርስቲያን የፈለፈሉ አባት አሉ፤ ብዙዎቻችሁ ሄዳችሁ አይታችኋል። ሲጸልዩም ሲቆፍሩም ነው የኖሩት።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ለጠቅላላ ዕውቀት ብቻ ቢሆን ኖሮ ክፍል ውስጥ ይበቃኝ ነበር። ያስጻፈኝ ሌላ ነገር ነው።

ባለፈው በጋ አንድ የድሮ ተማሪዬ ደወለልኝ። ኦፓል ሲቆፍር የኖረ ጎበዝ ልጅ ነው። «ቲቸር፣ እርስዎ ታሪክ ስለሚያውቁ ልጠይቅዎት ብዬ ነው» አለኝ። አንድ ደላላ የወርቅ መፈለጊያ ማሽን ይዞ መጥቷል። የድሮ ፍርስራሽ ያለበት ጉብታ በሌሊት የሚቆፍሩለት ልጆች ይፈልጋል። የሌሊቱን 800 ብር ይከፍላል። «እውነት ወርቅ አለበት?»

እኔም የማውቀውን ነገርኩት። ስለ ሲፓንም ነገርኩት። በ1987 ፔሩ ውስጥ ሲፓን በሚባል ቦታ ሌቦች የሞቼ መቃብር ቆፍረው ወርቅ አገኙ፤ ተጣሉና ወሬው ወጣ። ፖሊስ ዋልተር አልቫ የሚባለውን አርኪዮሎጂስት ጠራው። እሱ እዚያው ድንኳን ጥሎ እየጠበቀ፣ ሌቦቹ ያልደረሱበትን ሌላ መቃብር በብሩሽ በብሩሽ ከፈተ። አንድ ጌታ ከነጌጡ፣ አጠገቡ የተቀበሩ ሰዎችም እንዳሉ ተገኙ። ተመራማሪዎች በሞቼ ሸክላ ላይ ተስሎ የሚያዩትን፣ አምላክ ነው ብለው የሚያስቡትን ሥዕል ያውቁ ነበር። የሟቹ ጌጥ ከሥዕሉ ጋር አንድ ሆነ፤ ሥዕሉ የእውነት ሰው እንደነበር ታወቀ። ይህ ሊታወቅ የቻለው ወርቁ ራሱ ላይ፣ ዶቃው ደረቱ ላይ፣ ሁሉም በቦታው ስለተገኘ ነው። ሌቦቹ ያወጡት ወርቅም ወርቅ ነው፤ ግን የማን እንደነበረ ማንም አይነግረንም።

ልጁ ዝም ብሎ ሰማኝና «ቲቸር፣ ወርቅ ባይኖርስ? 800 ብሩ አለ እኮ» አለኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ሥራ የለም፤ ገደሉ ስንት ኦፓል ቆፋሪ እንደበላ እናውቃለን፤ ጦርነቱ በጋሸና ካለፈ ወዲህ ደግሞ የኑሮው ነገር ሁላችሁም የምታዩት ነው። «እኔ 800 ብር የለኝም፤ ግን ባትሄድ ደስ ይለኛል» ነው ያልኩት። አልሄደም። የዚያን ሌሊት ገቢ አጣ ማለት ነው፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም።

ሌሎቹ ሄዱ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ቀን ከልጁ ጋር ቦታውን አየነው። ስሙን አልጠራም፣ ሌላ ቆፋሪ እንዳልጋብዝ። ከሰው ቁመት በላይ የጠለቀ ጉድጓድ ነው። አፉ ላይ የገል ስብርባሪ ተበትኗል። የሰው አጥንት ከአፈሩ ጋር አንድ ላይ ተዝቆ ተጥሏል። ትንንሽ ዶቃዎችም ነበሩ፤ ልጁ በመዳፉ ይዞ «ይህ የአንገት ነው የእጅ?» አለኝ። ማን ያውቃል? ጉድጓዱ ሳይቆፈር በፊት ይታወቅ ነበር። ወርቅ አልተገኘም፤ ደላላውም ማሽኑን ይዞ ሄዷል። አጥንቱን ቄሱን ጠርተን መልሰን ቀበርነው፤ የተረፈውን ገልና ዶቃ ልጁ ሰብስቦ ለሚመለከተው አስረከበ።

በዚያ ጉድጓድ ውስጥ የነበረው የየትኛው ዘመን ሰው ነው? የዛጔ? ከዛጔ በፊት? አንድ ንብር ጠፋ። ያ ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ሞተ ብል አላጋነንኩም።

አንዳንዱ «ፈረንጅ ዘርፎን የለም ወይ፣ የእኛ ልጅ ቢቆፍር ምን አለ?» ይላል። አዎ፣ ዘርፈውናል። በ1868 የናፒየር ጦር ከመቅደላ ያወጣውን በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ጭኖ እዚሁ ደላንታ ሜዳ ላይ ነው በጨረታ የሸጠው። 350 ገደማ የብራና መጽሐፍ ለንደን ገባ። ከእነሱ አንዱ ገድለ ላሊበላ ነው፤ ፔሩሾን የሚባል ፈረንሳዊ በ1892 ፓሪስ ያሳተመው ከእሱ ነው። የላሊበላ ገድል በእኛው ሜዳ አልፎ ሄደ ማለት ነው። ፔሩዎችም ደርሶባቸዋል። ቢንገም የሚባለው አሜሪካዊ ከ1911 ጀምሮ ማቹ ፒቹ ላይ ቆፍሮ ዕቃውን ዬል ዩኒቨርሲቲ ወሰደው። እነሱ ግን መቶ ዓመት ተከራክረው በ2011 እና በ2012 አስመለሱት። ልብ በሉ፤ ለንደን ያለ ብራና ቢያንስ የት እንዳለ ይታወቃል፣ አንድ ቀን ይመለስ ይሆናል። በሌሊት በዶማ የተመሰቃቀለ መቃብር ግን ከየትም አይመለስም።

ስለዚህ የድሮ ተማሪዎቼን የምለምነው ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ በእርከን ሥራም ይሁን በእርሻ የድሮ ነገር ካጋጠማችሁ አቁሙ፣ አታንሱት፤ በስልካችሁ ፎቶ አንሱና ለወረዳችሁ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ተናገሩ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209ም ያገኘ ሰው እንዲያስታውቅ ያዛል። ቶሎ ባይመጡላችሁ እንኳ አፈሩን መልሳችሁ አልብሱት፤ መሬት ከእኛ የተሻለ ጠባቂ ነው።

ሁለተኛ፣ አያቶቻችሁን ጠይቁ። «ያ ጉብታ ለምን እንዲህ ተባለ? ያ ፍርስራሽ የማን ነበር?» በሉና ስሙን ከነታሪኩ በደብተር ጻፉት። የቲዋናኩ ገበሬዎች በስፔናዊው ጥያቄ የሳቁት መልሱን ስለሚያውቁ ነው። የእኛም ሽማግሌዎች የሚያውቁት አለ፤ ይዘውት እየሄዱ ነው።

ሦስተኛ፣ ከመካከላችሁ አንድ ሰው ይህን ሙያ ይማርልኝ። ንብር ማንበብ ከኦፓሉ ገደል ተምራችኋል። ብርዱን ለምዳችኋል፣ ተራራውን ታውቁታላችሁ። ቴዮ የወጣው ከእንደናንተ ዓይነት ሰፈር ነው። የላሊበላን ጥናት እስካሁን ባብዛኛው ፈረንሳዮችና እንግሊዞች እየጻፉልን ነው፤ እግዜር ይስጣቸው፣ በቅንነት የሠሩ ብዙ ናቸው። ቀጣዩን ንብር ግን ከኮን፣ ከወገል ጤና ወይም ከኩልመስክ የወጣ ልጅ ቢያነበው፣ የገሉን ስም እናቱ በምትጠራበት ቃል ይጽፈዋል።

እናንተ አገር ስሙ ብቻ የቀረ፣ ታሪኩ ያልተጻፈ ጉብታ ወይም ፍርስራሽ ካለ ወሬውን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ትክክለኛ ቦታውን ግን በአደባባይ አታውጡ፤ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። የምሰበስብበት አንድ ወፍራም ደብተር ገዝቻለሁ።

ቸር ያሰማን።